የተጸለየበት ዘፈን

ሶፎንያስ መኩሪያ ሲስቅ የሚታዩት ሁለቱ የፊት ጥርሶች የራሱ አይደሉም። የራሱ የነበሩት ኦስሎ ከተማ፣ ስቶቭነር በሚባለው ሰፈር ባለው የወጣቶች አዳራሽ፣ መድረክ ላይ፣ ሕዝብ እያየ ወልቀዋል። ያወለቃቸው ዮኤል ነው፤ ማይኩን ከእጁ ቀምቶ በማይኩ አናት አፉን አለው። አንዴ ቢሆን ደግ። ሶፎንያስ ከወደቀም በኋላ ደረቱ ላይ ተቀምጦ ደገመው፣ ሠለሰው። ማይኩን ያጠፋው ስላልነበረ እያንዳንዱ ምት በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ጓ ጓ እያለ ተሰማ። ፊት ለፊት የቆሙት ልጆች የትርኢቱ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ።

ዮኤል ባዕድ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ሁለቱ ግን ከሕፃናት መዘምራን ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው። የሶፎንያስ እናት በቀለች የሌሊት ተረኛ በሆነች ቁጥር ሶፎንያስ የሚያድረው አመሩድ ሰፈር፣ እነ ዮኤል ቤት ነበር። የዮኤል እናት ብርነሽ ሁለቱንም ባንድ ሳህን አብልታ፣ ባንድ ብርድ ልብስ ሸፍና፣ ጠዋት የሁለቱንም ጫማ አስራ ወደ ትምህርት ቤት ትልካቸዋለች። ያን ሳህን ሶፎንያስ መቼ እንደረሳው እንጃ። ደም እየተፋ ወደ ሌጌቫክት፣ ወደ ድንገተኛ ሕክምናው ሲወስዱት ግን የሚያስበው ስለ በቀል ብቻ ነበር።

ጥርሱ ለምን እንደወለቀ ለመረዳት ብሪን ድረስ መሄድ ያስፈልጋል።

ብሪን ውስጥ፣ ከአንድ የጎማ መጋዘን በላይ ባለ አዳራሽ፣ የኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን እሑድ እሑድ ይሰበሰባል። ከታች የጎማ ሽታ፣ ከላይ ሃሌ ሉያ። ሁለቱ ልጆች መጎርመስ ሲጀምሩ ሽማግሌዎቹ፣ መንገድ ሳይወስዳቸው በሥራ እንያዛቸው ብለው የድምፅ ክፍሉን ሰጧቸው። ሐሳቡን ያመጡት ጋሽ ኢተፋ ነበሩ። ጋሽ ኢተፋ ሳምንቱን አውቶቡስ ሲነዱ ከርመው እሑድን የሰው ጠብ ሲያበርዱ የሚውሉ ሽማግሌ ናቸው። ልጆቹም ስብከቱን፣ መዝሙሩን፣ ምስክርነቱን እየቀዱ ኮምፒዩተሩ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ተባረኩ ይላቸዋል። ዮኤል ከመዝሙሩ ከበሮና ኪቦርድ እየቆረጠ ሌላ ነገር እንደሚሠራበት፣ ሶፎንያስም በዚያ ላይ በኖርዌይኛ እያወረደ ራፐር እየሆነ እንደሆነ ያወቀ አልነበረም።

ዮኤል ጣት ነበረው፤ ሶፎንያስ ደግሞ አፍ። የመጀመሪያ ዘፈናቸው ከቬስትሊ ተነስቶ ወደ ከተማ ስለሚወርደው ባቡር ነበር፤ ቲኬት ተቆጣጣሪው፣ ሰካራሙ፣ ጥቁር ልጅ ሲያዩ ቦርሳቸውን የሚያቅፉት ሴትዮ፣ ሁሉም አሉበት። በመሐሉ ጣል የተደረጉትን የአማርኛ ስድቦች የሶማሌውም የፓኪስታኑም ልጅ በቃሉ ያዛቸው። ሶፎንያስ "ሶፎ" ተባለ። እነዚህ ሰፈሮች ካሉበት ከግሩሩድ ሸለቆ ውጭ የሚያውቀው አልነበረም፤ በሸለቆው ውስጥ ግን ፀጉር ቆራጩ ወረፋ አያስጠብቀውም ነበር።

ከዚያ ከመሐል ከተማ አንድ የሙዚቃ ድርጅት መጣ። አፉን ወደድነው፣ ጣት እኛም ጋ ሞልቷል አሉ። ሶፎንያስ ለዮኤል ትንፍሽ ሳይል ፈረመ። ዮኤል የሰማው ባቡር ጣቢያ ላይ ከተለጠፈ ፖስተር ነው። ከዚያ ወዲህ ልጁ ወረደ። ኪኒን ጀመረ፣ ኪቦርዱን ሸጠ፣ የእናቱ የአንገት ሐብል ጠፋ፣ ፖሊስም የብርነሽን በር ማንኳኳት ለመደ።

በአንዱ እሑድ ብርነሽ ለምስክርነት ተነሳች። በእነሱ ቤት ምስክርነት ማለት ጌታ ያደረገልህን በጉባኤ ፊት መናገር ነው፤ የቸገረው ደግሞ ችግሩን ይናገራል፣ ሕዝቡም አብሮት ይጮኻል። እዚያ የተነገረ ነገር የቤተሰብ ገመና ነው፤ ከሰው ጋር ደረጃውን አይወርድም። ብርነሽ ሲኬየም በሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌዎች እያነሳች እየጣለች ስታጥብ የምትውል፣ ድምጿ ከማድቤቷ የማያልፍ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ማይኩን እንደያዘች ተንበረከከች። "ጌታ ሆይ፣ ልጄን መልስልኝ" አለች። "በር በተንኳኳ ቁጥር ሬሳውን አመጡልኝ እያልኩ አለቅሁ። ልጄን መልስልኝ።" የቀረው ሁሉ ለቅሶ ነበር። ሶፎንያስ የድምፅ ክፍሉ ውስጥ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ይቀዳ ነበርና የትንፋሿ መቆራረጥ እንኳ አላመለጠውም። አለቀሰ። ውሸት አይደለም፣ ከልቡ አልቅሷል።

በፈረንጆቹ 2015 ጸደይ ዮኤል ከወደቀበት ቀና ብሎ አንድ ዘፈን ለቀቀ። ሶፎንያስን "የውስጥ ሱሪውን እናቱ የምትተኩስለት ወንበዴ" ብሎ ሰደበው። ሸለቆው በሳቅ ፈረሰ። የባሰው ነገር እውነት መሆኑ ነው፤ በቀለች ካልሲ ሳይቀር ትተኩሳለች። በራፕ ዓለም የተሰደበ መልስ ይሰጣል፣ በቀልድ የመጣውንም በቀልድ መመለስ ይቻል ነበር። ሶፎንያስ ግን ነደደ። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጂ ከፈተና የብርነሽን ለቅሶ ቆርጦ አወጣ። ዮኤል ራሱ በደጉ ጊዜ በሠራው ሙዚቃ ላይ ጫነው፤ "ልጄን መልስልኝ" የሚለውን አዝማች አደረገው። በመሐል በመሐሉ ዮኤልን ሌባ፣ ኪኒናም፣ የእናቱን ዕድሜ የበላ እያለ አወረደበት።

ዘፈኑ ያምር ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከሸለቆው ወጣ፣ ኦስሎን ያዘ፣ በርገን ደረሰ። የቃሉን ፍቺ የማያውቁ ባለ ወርቃማ ፀጉር ልጆች "ሊየን መሊስሊን" እያሉ በየአውቶቡሱ ዘፈኑት። በመከር ዮኤል ስቶቭነር መጣ፤ ጥርሱም ወለቀ።

አሁን ደግሞ ግዛው የሚባለውን ሰው ማወቅ ያስፈልጋል። ግዛው በጎረምሳነቱ አጎቱ ዘንድ መጥቶ ቬስትሊ የቀረ፣ ኖርዌይኛው ያልያዘለት፣ አማርኛውም የሸሸው ሰው ነው። እንደ ሰው የቆጠረው ሶፎንያስ ብቻ ነበርና ሶፎንያስ የተናገረው ሁሉ ለእሱ ትእዛዝ ነው። ሊጠይቀው ሲመጣ ሶፎንያስ ጥጥ በታጨቀበት አፉ "የሚተማመነው በጣቶቹ ነው" አለው። ሌላ ቃል አልጨመረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ግዛው ከአንድ ጓደኛው ጋር አመሩድ፣ ከሕንፃዎቹ ሥር ባለው የመኪና ማቆሚያ ዮኤልን ጠብቆ ያዘው። ጓደኛው አንገቱን ጠመዘዘው፤ ግዛው የዮኤልን ቀኝ እጅ የመኪናው በር ክፈፍ ላይ ዘርግቶ በሩን ከነኃይሉ ወረወረው። በሩ አልገጠመም። እንደገና ከፍቶ እንደገና ዘጋው፤ ዮኤል ሲጮህ ለሦስተኛ ጊዜ በእግሩ ረገጠው። በኋላ ለሶፎንያስ ሲያወራለት የአጥንቱን ድምፅ በአፉ አስመስሎ አሰማው። ሶፎንያስ ግዛውን "ምን አደረግህ?" አላለውም።

የሁለቱ እናቶች እንባ ሲበዛ ጋሽ ኢተፋ ዕርቅ ጠሩ። ብሪን፣ በዚያው አዳራሽ፣ አንዱ አፉ አብጦ ሌላው እጁ በጀሶ ታስሮ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እናቶቻቸው በየልጃቸው ጎን አሉ። ጋሽ ኢተፋ የጠቡን ሥር ጠየቁ። ሶፎንያስ ዘፈን ነው አለ። ምን የሚል ዘፈን እንደሆነ እንስማው የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር፤ ሌላው ሽማግሌ ዓለማዊ ዘፈን በጌታ ቤት አይከፈትም ብለው ተቆጡ። ጋሽ ኢተፋ ወደ ዮኤል ዞረው፣ ስድብ ነው ወይ አሉት።

ዮኤል እናቱን በጎን አያት። የአንቺን ለቅሶ ነው ያስጨፈረበት ብሎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መናገር ዳግመኛ እሷኑ ማዋረድ ሆነበት። "ያ" አለ፣ በኖርዌይኛ አዎ ማለት ነው፤ "ስድብ ነው" ብሎ ሌላውን ዋጠው። ሶፎንያስ ዮኤል ሲውጥ አየና ተመስገን ብሎ እሱም ዋጠ።

ተቃቀፉ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጋሽ ኢተፋ እጃቸውን በሁለቱም ራስ ላይ ጭነው ረጅም ጸሎት ጸለዩ፤ ሲጨርሱ፣ ይህ ነገር ዛሬ በጌታ ፊት ተዘግቷል፣ ከእንግዲህ የሚያነሳው ቢኖር ጠቡ ከጌታ ጋር ነው አሉ። ወጋቸው ነው፤ የተጸለየበት ጠብ አይነሳም። በዚህ ወግ የዳነ ትዳር፣ የታረቀ ወንድማማች ብዙ ነው። ነገር ግን ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እነዚህ ደግሞ ከቂሙ ጋር ዘፈኑንም ይዘው ነው የጸለዩት። ምን እንደተዘጋ ከሁለቱ ልጆች በቀር በዚያ አዳራሽ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሲወጡ ከጎማው ክምር አጠገብ ዮኤል ሶፎንያስን ለብቻው ያዘው።

"አንድ ነገር ብቻ" አለው። "ስድቡን ተወው፣ እኔን የፈለግኸውን በለኝ። ድምጿን አውጣው። እማዬ ሳትሰማው አውጣው።"

"ያ፣ አወጣዋለሁ።"

"ማልልኝ።"

"ብሩር፣ ወንድሜ፣ ተጸለየበት እኮ" አለ ሶፎንያስ። "ከዚህ በላይ ምን መሐላ አለ?"

ለማውጣት ግማሽ ቀን አይፈጅም ነበር። ሶፎንያስም ያን ሳምንት ሊያወጣው አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ሬዲዮ ጠራው። ከሬዲዮው በኋላ ድርጅቱ አዲስ ውል አቀረበ። ከውሉ በኋላ የበጋ ዝግጅቶች መጡ። ሰዉ የሚመጣው ለዚያች አዝማች ነው፤ እሷን አውጥቶ ምን ይዞ ይቁም? ጥርሱን አስተከለ፣ ወርቅ አንገቱ ላይ አሰረ፣ ብሪን መሄዱንም እርግፍ አድርጎ ተወ።

በዚህ መሐል ዮኤል ዳነ። ጣቶቹ ሲታከሙ ሱሱንም አብሮ ታከመ፤ ሁለቱ ጣቶቹ ጠመው ቢቀሩም በቀሩት ኪቦርድ መምታት ለመደና እሑድ እሑድ ከመዘምራኑ ኋላ መቀመጥ ጀመረ። ብርነሽ እንደገና ለምስክርነት ተነስታ፣ ጌታ ልጄን መለሰልኝ ብላ አዳራሹን በእልልታ አናወጠችው። በቀለች ይህን ለልጇ በስልክ ስትነግረው ደስታዋ ከብርነሽ አያንስም ነበር። ሶፎንያስ "ጥሩ ነው" አለና ሥራ አለኝ ብሎ ዘጋው።

ዮኤል ይደውልለታል። መጀመሪያ፣ ከበጋው በኋላ አለው። ቀጥሎ፣ ድርጅቱ ነው የያዘው አለው። በመጨረሻ ሲሰለቸው "የተዘጋ ነገር ለምን ታነሳለህ? ጋሽ ኢተፋ ምን ነበር ያሉት?" አለው። ዮኤል ስልኩን ዘጋው። ሶፎንያስ በዚያች መልሱ ትንሽ ኮራ፤ ዮኤል ከዚያ ወዲያ አልደወለለትም።

በፈረንጆቹ 2017 ሰኔ ግሩሩድ፣ መናፈሻው ውስጥ፣ ትልቅ የበጋ ኮንሰርት ተዘጋጀ፤ የመጨረሻውና ዋናው ዘፋኝ ሶፎ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ብርድ ልብስ አንጥፎ ሣሩ ላይ ፈሷል፣ በዚያ አገር በበጋ ቶሎ አይመሽምና ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ከመድረኩ ኋላ ውሃ እየጠጣ ሳለ ታናሽ እህቱ ሔርሜላ መጣች። ሔርሜላ የነርስነት ተማሪ ናት፤ በትርፍ ሰዓቷ ብርነሽ የምትሠራበት ሲኬየም ውስጥ ትሠራለች። የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

"ሰምታዋለች" አለችው።

ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገውም። ሔርሜላ ያየችውን ነገረችው። አዲስ የገባች ኖርዌያዊት ልጅ ማድቤት ውስጥ ሳህን እያጠበች ስልኳን ከፍታ፣ በዘፈኑ ወገቧን ታወዛውዝ ነበር። ብርነሽ የአንድ ሽማግሌ ምሳ ይዛ ስትገባ ቆመች። ልጅቷን ከመጀመሪያው መልሺልኝ አለቻትና እስከ መጨረሻው ሰማችው። አላለቀሰችም።

"'ሔርሜላ፣ ይሄ እኔ ነኝ?' አለችኝ" አለች እህቱ። "ምን ልበላት? ትሪውን አስቀምጣ ቤቷ ሄደች። ሶፎ፣ ዛሬ እንዳትዘፍነው።"

"እሺ" አላት። "እሺ፣ አልዘፍነውም።"

እውነቱን ነበር። በዚያች ደቂቃ ላለመዝፈን ቆርጦ ነበር። ሔርሜላ ስትሄድ ግን ሌላ ሐሳብ መጣበት፤ ብርነሽ ከሰማች ዮኤልም ሰምቷል፣ ዮኤል ከሰማ ዝም አይልም። ምላሱ ሳያስበው የተተከሉትን ጥርሶች ዳሰሰ። ግዛውን ጠራው።

"ዮኤል ሳይመጣ አይቀርም" አለው። "ወደ እኔ እንዳይደርስ።"

ግዛው ራሱን ነቀነቀ።

ሶፎንያስ ወጥቶ ዘፈነ። የባቡሩን ዘፈነ፣ አዳዲሶቹን ዘፈነ፣ አመሰግናለሁ ብሎ ሊወርድ እጁን አነሳ። ያን ጊዜ ሰዉ በራሱ ጀመረው። መጀመሪያ የፊቶቹ፣ ቀጥሎ መሐሉ፣ ከዚያ ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ የተሸከሙት አባቶች ሳይቀሩ "ሊየን መሊስሊን፣ ሊየን መሊስሊን" እያሉ መሬቱን ረገጡት። ሶፎንያስ ቆመ። በሕይወቱ ያን ያህል ሰው ባንድ አፍ ጠርቶት አያውቅም። የመጨረሻዬ ነው፣ ከዛሬ በኋላ አልነካውም አለ በልቡ፣ ወደ ሙዚቃ አጫዋቹም ጣቱን ቀሰረ። የብርነሽ ለቅሶ በመናፈሻው ላይ ፈሰሰ።

ሁለተኛው አዝማች ላይ በድምፅ መሣሪያው መኪና ጎን ግርግር አየ። የግዛው ሰፊ ጀርባ፣ ከሱ ወዲያ ደግሞ ነጭ ሸሚዝ። የእሑድ ሸሚዝ ነበር፤ በዚያ መናፈሻ እንዲያ ለብሶ የመጣ ሌላ ሰው የለም። ሶፎንያስ አወቀው። ግዛው ገፍትሮ ይመልሰዋል ብሎ አሰበ፣ ወይም እንዲያ ማሰቡን በኋላ ለራሱ ነገረ። መዝፈኑን አላቆመም።

ሲወርድ ሰዉ አሁንም ይጮኻል። ዮኤል ከመኪናው ኋላ ሣሩ ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለጎማው ሰጥቶ፣ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ቢላው ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ አንዱ ከእምብርቱ በላይ፣ አንዱ ከጎድኑ ሥር። ደሙን ለማፈን ይጨምቃል፤ የቀኝ እጁ ጣቶች ግን አይገጥሙም። ግዛው የመኪና በር ላይ የሰበራቸው ጣቶች ናቸውና ደሙ በመካከላቸው እየተፈናጠቀ ወረደ። ነጩ ሸሚዝ እስከ ቀበቶው ቀይ ሆኗል። ሶፎንያስ ወድቆ አንገቱ ላይ ባንጠለጠለው የላብ ፎጣ ቁስሉን ተጫነው። ፎጣው ወዲያው ረጠበ።

ግዛው ቢላውን እንደያዘ ቆሟል። "ኪሱ ገባ" ይላል። "ኪሱ ገባ እኮ፣ ሊያወጣ ነው ብዬ ነው። እንዳይደርስ አላልከኝም?"

ከዮኤል ጉልበት አጠገብ አንድ ትንሽ ፍላሽ ወድቋል። ዮኤል በዓይኑ አሳየው።

"ሠርቼዋለሁ" አለ። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነበር። "ሙዚቃውን እንደገና ሠራሁት። ያለ እሷም ያምራል። ይሄንን ዝፈን።"

ከመድረኩ ፊት ሕዝቡ ድገም እያለ ልጄን መልስልኝ ይላል። ዮኤል የእናቱን ቃል በዚያ ሁሉ አፍ እየሰማ ራሱን ወደ ጎማው አዘነበለ። ሶፎንያስ ዝም በሉ ብሎ ጮኸ፤ ያን ጊዜ ግን ማይክ አልያዘም ነበር። አምቡላንሱ ብርድ ልብስ ላይ በተቀመጠው ሰው መሐል መንገድ እስኪያገኝ ድረስ ልጁ አለቀ።

ግዛውን እዚያው ያዙት። ሶፎንያስን ፖሊስ ሲጠይቀው ከረመና ለቀቀው። ሕግ የሚፈልገው ቢላ የያዘውን እጅ ነው፤ እንዳይደርስ ላለ አፍ አንቀጽ አላገኙለትም። ቤቱ ሲገባ በሩን ቆልፎ ፍላሹን ከፈተ። ያው ሙዚቃ ነው፣ ከበሮው ግን ታድሷል። የብርነሽ ድምፅ በነበረበት ቦታ ዮኤል በቀሩት ጣቶቹ ኪቦርድ ይመታል፤ ዜማው ሁለቱ በሕፃናት መዘምራን መጀመሪያ የተማሩት መዝሙር ነው። አንዳንድ ቦታ ጣት ስለጎደለው ትንሽ ይንገዳገዳል። ከድሮው ይበልጥ ያምር ነበር። ሶፎንያስ ግድግዳውን በጡጫ እየደበደበ እስከ መጨረሻው ሰማው፤ ጡጫው ሲላጥ በግንባሩ ቀጠለ።

ለቅሶው አመሩድ፣ ብርነሽ ቤት ነበር። በሩ ላይ የልብስ ቅርጫት ተቀምጧል። ብርነሽ፣ የሚገባ ሁሉ ስልኩን እዚያ ይጣል ብላለች። ለምን ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ሴቶቹ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ እያሉ ቢለምኗትም ከመርዶው ጊዜ ጀምሮ ድምጿን ያሰማችው ሰው የለም። ሶፋው ጫፍ ላይ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

ሶፎንያስን ይዘውት የገቡት ጋሽ ኢተፋና እናቱ በቀለች ናቸው። አይሆንም፣ ይቆይ ያሉ ነበሩ፤ ጋሽ ኢተፋ ግን ነገር ሲያድር ይከፋል ብለው አመጡት። ሶፎንያስ ብርነሽ እግር ሥር ተንበረከከና ፍላሹን ጉልበቷ ላይ አኖረው።

"እትዬ ብርነሽ" አለ። "ዮኤል የሠራው ነው። ድምፅሽን አውጥቶታል። ከእንግዲህ የሚሰማው ይሄ ብቻ ነው፣ እኔ..."

አልጨረሰም። ብርነሽ በጡጫ አፉን አለችው። ዕድሜዋን ሙሉ አዛውንት ከአልጋ ስታነሳ የኖረ ክንድ ነው። ወደ ኋላ ሲንገዳገድ በግራ እጇ ሸሚዙን ይዛ መለሰችውና ደገመችው፣ እንደገናም መታችው፤ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ አገጩ ላይ ወረደ፣ የተተከሉት ጥርሶችም ተላቀው ምንጣፉ ላይ ወደቁ። በቀለች ልትገላግል ተነሳችና መሐል ላይ ቆመች፤ ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች። ሌላ የተንቀሳቀሰ ሰው የለም። ብርነሽ ለቀቀችው።

ጋሽ ኢተፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሲጨንቃቸው የሚያውቁት አንድ ነገር ነውና እጃቸውን በሁለቱ ላይ ዘረጉ። "እንጸልይ" አሉ።

"አይጸልዩ" አለች ብርነሽ።

ሰዉ የሰማው የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። ደርቋል፣ ጮክ አላለም።

"ያን ጊዜ ጸልየን ዘጋነው። ምን እንደዘጋን አንድ ሰው አልነገረኝም፤ የወለድኩትም ያሳደግኩትም አልነገሩኝም። በዚህ ላይ አይጸልዩበት፣ ጋሽ ኢተፋ። ይሄ እንደተከፈተ ይኑር።"

ጋሽ ኢተፋ የዘረጉትን እጅ ቀስ ብለው መለሱ። ብርነሽ ፍላሹን ከጉልበቷ አንስታ በመዳፏ ጨበጠችው፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሶፎንያስ ምንጣፉን ዳስሶ ጥርሶቹን ለቀመና ተነስቶ ቆመ። ተቀመጥ ያለውም፣ ውጣ ያለውም ሰው አልነበረም።